ሴቶች ሴት መስማት አይወዱም ያላችሁት ማንን ጠይቃችሁ ነው?

ይድረስ በናሽቪልና በአካባቢዋ ለምትገኙ የካንትሪ ሙዚቃ ሬዲዮ ጣቢያዎች የፕሮግራም ኃላፊዎች፣

ክቡራንና ክቡራት፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔ ናሽቪል ኤርፖርት ላይ ታክሲ የምሠራ ሐበሻ ነኝ። ፈረቃዬ ሌሊት ነው። ማታ ልጆቼን እራት አብልቼ እወጣለሁ፣ ሊነጋጋ ሲል እገባለሁ፣ በመሀል ያለውን ጊዜ ከናንተ ጋር ነው የማሳልፈው። ከባሌ ድምፅ ይልቅ የናንተን ድምፅ እሰማለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ስለዚህ የምጽፍላችሁ እንደ ሩቅ ሰው አይደለም። ደብዳቤውን ልጄ በእንግሊዝኛ አዘጋጅታልኝ በየአድራሻችሁ ልከናል። እዚህ በአማርኛ የማወጣው ደግሞ እንደኔ መኪና ውስጥ፣ ሆቴል ውስጥ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እየሠሩ እናንተን የሚሰሙ የሀገሬ ልጆች ስላሉ፣ ነገሩ እነሱንም ይመለከታል ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመሀላችሁ አንዱ ጣቢያ እሁድ ማታ የድሮ ሴት ዘፋኞችን ብቻ የሚያሰማ የአንድ ሰዓት ፕሮግራም ነበረው። አንድ ሰዓት፣ በሳምንት አንዴ። ይቺኑ ነው ያነሱት። ማስታወቂያ የለ፣ ስንብት የለ፣ አንድ እሁድ ኤርፖርት ተራ ላይ ቆሜ ስከፍተው ሌላ ነገር ይዘፈናል። የተበላሸው የኔ ሬዲዮ መስሎኝ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ስልክ ደወልኩ። ያነሳው ልጅ ጨዋ ነው፣ አይወቀስም። «አድማጮቻችን አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ ሴቶች ደግሞ ወንድ ሲዘፍን ነው የሚወዱት» አለኝ። እኔም ሴት ነኝ አልኩት። ሳቀና ስለ አስተያየቴ አመስግኖኝ ዘጋ።

እኛ ዘጠኝ ነን። አራቱ ሾፌሮች፣ ሦስቱ ሆቴል አልጋ የሚያነጥፉ፣ ሁለቱ አረጋውያን የሚንከባከቡ። ቴሌግራም ላይ አንድ ግሩፕ አለን፣ የተከፈተው ለዕቁብ ነበር፣ አሁን ግን ከዕቁቡ ይልቅ ዘፈኑ በዝቶበታል። «ሴቶች አይወዱም» የተባለውን ስጽፍላቸው ከዘጠኛችን አንዳችንም በሕይወታችን ከሬዲዮ ጣቢያ ተደውሎ ተጠይቀን እንደማናውቅ ታወቀ። ቅሬታችን የሚጀምረው ከዚህ ነው። በኛ ስም ነው ሴቶቹን ከአየር የምታወርዷቸው። እስኪ በየተራ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንዳትደናገሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

መጀመሪያ ግን ሐበሻ ከካንትሪ ጋር ምን አገናኘው ለምትሉ አንድ ነገር ልበል። እኛ ካንትሪን ናሽቪል መጥተን አልተማርነውም። አዲስ አበባ እኔ ባደግሁበት ሰፈር የኬኒ ሮጀርስና የዶሊ ፓርተን ካሴት ያልነበረው ሚኒባስ ታክሲ አላስታውስም። እንግሊዝኛው አይገባንም ነበር። የናፍቆት ዘፈን መሆኑ ግን ለትዝታ ልጆች አይጠፋንም። ወንድሜ ካሴቱ ሲጠቀለልበት በእስክሪብቶ እያዞረ ይመልሰው ነበር። እና የካንትሪ አድማጭ ስትሉ የምታስቡት ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም፣ እኔ የዛን ካሴት ያህል ዕድሜ ያለኝ አድማጭ ነኝ።

አሁን ወደ ቅሬታው። ሴቶቹን የምታቀርቧቸው እንደ እንግዳ አድርጋችሁ ነው። ዘግይተው የመጡ፣ ጥግ ላይ ወንበር የተሳበላቸው። ቤቱን ማን እንደሠራው ግን ታውቃላችሁ። በ1927 ነሐሴ ወር ብሪስቶል ከተማ ራልፍ ፒር የሚባለው ሰውዬ ዘፈን ሲቀርጽ፣ ከቨርጂኒያ ተራራ ወርደው ከመጡት የካርተር ቤተሰብ ሦስት ሰዎች ሁለቱ ሴቶች ነበሩ። የምትዘፍነው ሣራ ናት። ጊታሩን የያዘችው ሜይቤል ናት፣ 18 ዓመቷ፣ ነፍሰ ጡር ሆና። ሦስተኛው የሣራ ባል ኤ ፒ ካርተር ነው። እሱ ዘፈኖቹን ከየሰፈሩ ይለቅም ነበር፣ ትልቅ ሥራ ነው፣ አልካድኩም። ግን ዘፈኖቹ በማን ስም ተመዘገቡ? በሱ።

የሜይቤልን ነገር እዚህ ላይ ሳላጫውታችሁ አላልፍም። ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ከኤርፖርት ጫንኩ፣ የጊታር ሳጥኑን ኋላ አላስቀምጥም ብሎ አቅፎት ገባ። አይ-40 አውራ ጎዳና ላይ አደጋ ደርሶ መንገዱ ተዘግቷል። ግማሽ ሰዓት አልተነቃነቅንም። ጊታሩን አወጣና ይነካካ ጀመር። በአውራ ጣቱ ወፍራሞቹን ክሮች እየነካ ዜማውን ያወጣል፣ በሌሎቹ ጣቶቹ ደግሞ ቀጫጭኖቹን ክሮች ጠረግ ጠረግ እያደረገ ምቱን ይይዛል። አንድ ጊታር ሆኖ ሁለት ይመስላል። በመስተዋት እያየሁት «ይሄ እንዴት ነው?» አልኩት። «የጥንት ሰዎች አመታት ነው፣ አያቴ ነው ያስተማረኝ» አለኝ። «የጥንት ሰዎች ሳይሆን የሜይቤል ነው» ስለው ዝም አለ። ናሽቪል በጊታር ሊከብር የመጣ ልጅ፣ ጣቱ ላይ ያለው የማን እንደሆነ አያውቅም! አልፈርድበትም። ማን ነገረው? እናንተ ናችሁ እንዲህ ያለውን ልትነግሩት የሚገባችሁ።

ራይመንን ደግሞ በቀን ስንቴ አልፈዋለሁ። ተሳፋሪ ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው ያ ቀይ ጡብ ሕንፃ፣ የካንትሪ ቤተ ክርስቲያን የምትሉት። ከ1920 እስከ 1955 ያን ቤት ያስተዳደረችው ሉላ ናፍ የምትባል ሴት ነበረች። ደብዳቤ ስትጽፍ ሙሉ ስሟን አትጽፍም ነበር፣ «ኤል ሲ ናፍ» ብላ ነው የምትፈርመው፣ ከማዶ ያለው ሰው ከሴት ጋር እንደሚዋዋል እንዳያውቅ። ግራንድ ኦል ኦፕሪ የሚባለው የካንትሪ የሬዲዮ መድረክ በ1943 ወደ ራይመን ሲገባ ቁልፉ በሷ እጅ ነበር ማለት ነው። ቤቱን እሷ እያስተዳደረች ስሟን ደብቃ። እኔም ስልኬ ላይ ያለው መተግበሪያ ፎቶዬን ባያሳይ የሚሻለኝ ሌሊቶች አሉ፣ ስለዚህ ይገባኛል።

ሌላው ቅሬታችን ሚዛኑ ነው። ወንዱ ሲናገር ዘፈን፣ ሴቷ ስትመልስ ነውር። በ1952 ሃንክ ቶምሰን ትዳር ትታ ወደ መጠጥ ቤት የተመለሰችን ሴት የሚወቅስ ዘፈን አወጣ፣ በየጣቢያው ተዘፈነ፣ ማንም ምንም አላለም። ኪቲ ዌልስ መልስ ሰጠች። ሚስት እያላቸው ላጤ ነን የሚሉ ወንዶችስ፣ ጥፋቱ የሴቷ ብቻ ነው ወይ፣ ይላል ዘፈኑ ባጭሩ። ግጥሙን የጻፈው ራሱ ወንድ ነው፣ ጄ ዲ ሚለር። ያም ሆኖ ከሷ አፍ ሲወጣ ከበደ። አንዳንድ ጣቢያዎች ከለከሉት፣ ኦፕሪም መጀመሪያ ላይ መድረኩ ላይ እንዳትዘፍነው አለ። ኪቲ ደግሞ ሙዚቃውን ልትተው የነበረች የልጆች እናት ናት፣ ስቱዲዮ የገባችው ለቀረጻው የሚከፈለው 125 ዶላር ይጠቅመኛል ብላ ነው። ዘፈኑ የቢልቦርድ መጽሔትን የካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ ያዘ። ለብቻዋ ዘፍና እዛ የደረሰች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ያኔም ኃላፊዎቹ ሴት አይሸጥም ይሉ ነበር። ገዢው ግን ገዛ።

ሎሬታ ሊንም እንደዛው ናት። በ15 ዓመቷ ያገባች፣ ስድስት ልጅ የወለደች፣ የኬንታኪ የከሰል ቆፋሪ ልጅ። በ1975 ስለ እርግዝና መከላከያ እንክብል ዘፈነች። ባሏ እየዞረ እሷ በየዓመቱ የምትወልድበት ዘመን አበቃ ነው የምትለው። ስንት ጣቢያ አገደው! ስለ ስካር፣ ስለ ውሽማ፣ ሰው ገድሎ እስር ቤት ስለ መግባት የተዘፈነው ሁሉ ያለ ችግር ሲያልፍ አንድ እንክብል አነቃችሁ። እገዳ እያለም እስከ 5ኛ ደረጃ ወጣ።

ይህን ዘፈን እዚህ መጥቼ ቃሉ ሲገባኝ መኪናውን ዳር አቁሜ ነው የሰማሁት። ሰፈራችን አንዲት እትዬ ነበሩ፣ እንክብሉን በርበሬ ማስቀመጫ ቆርቆሮ ውስጥ ይደብቁት ነበር። ባልየው ወጥ ቤት ስለማይገቡ ማለት ነው። እኛ ልጆቹ እናውቅ ነበር፣ በርበሬ አምጡ ሲሉን ሌላው ቆርቆሮ ነው የሚከፈተው። እትዬ እንግሊዝኛ ባይችሉም ይቺ የኬንታኪ ሴት ስለሳቸው ዘፍናለች። እና «የሴት ዘፈን የሴት አድማጭ አይነካም» ስትሉኝ በየትኛው ሂሳብ እንደሆነ አይገባኝም።

ዶሊን አንስቼ ባላልፍ ግሩፑ ያባርረኛል። ሀገር ቤት ሁሉም በዊትኒ ሂውስተን ድምፅ የሚያውቀውን ያንን የስንብት ዘፈን የጻፈችው እሷ ናት። በቴሌቪዥን ፕሮግራሙ ይዟት ከቆየው ከፖርተር ዋጎነር ተለይታ በራሷ ልትቆም ስትል ነው ለሱ የጻፈችው። ኤልቪስ ሊዘፍነው ፈልጎ፣ ሥራ አስኪያጁ የዘፈኑን መብት ግማሽ ካልሰጠሽን አለ። እምቢ አለች። ኤልቪስን እምቢ! ሌሊቱን ሙሉ አልቅሳለች፣ ግን እምቢ ብላለች። በ1992 ዊትኒ ስትዘፍነው ገንዘቡ ወደማን እንደሄደ እናንተም ታውቃላችሁ። ካንትሪ ሴቶቹን ሲያስታውስ ዊጋቸውንና እንባቸውን ያስታውሳል። እኛ የምናስታውሰው ውል ማንበባቸውን ነው።

አሁን ወደ እናንተ ዘመን ልምጣ፣ ምክንያቱም «ያ የድሮ ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። በ2015 ኪት ሂል የሚባል የሬዲዮ አማካሪ፣ ለናንተው ሙያ በሚታተም ጋዜጣ ላይ፣ አድማጭ ከፈለጋችሁ ሴቶቹን አውጡ አለ። የካንትሪ ሬዲዮን ከሰላጣ ጋር አመሳሰለው። ቅጠሉ ወንዶቹ ናቸው፣ ሴቶቹ ደግሞ ጣል ጣል የሚደረጉ ቲማቲም። ምክንያት ብሎ ያቀረበውም ያው በስልክ የተነገረኝን ነው፣ አብዛኛው አድማጭ ሴት ነው፣ ሴት ደግሞ ወንድ ትወዳለች። ብዙ ሰው ተቆጣ። እኛ ሳቅን። ቲማቲም ፍትፍት ለሚበላ ሕዝብ ይህን ምሳሌ ማምጣት አይገባም ነበር፣ እኛ ቤት ቲማቲሙ ነው ምግቡ።

ሳቁ ግን ቁጥሩን ስናይ ቆመ። የኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ጄዳ ዋትሰን የየዓመቱን የአየር ሰዓት ዘገባ ሰብስባ አሳይታለች። በ2000 ዓመቱን ሙሉ በብዛት ከተደመጡት ዘፈኖች የሴቶቹ 33.3 በመቶ ነበር። በ2018 ወደ 11.3 በመቶ ወረደ። ልብ በሉ፣ ወረደ ነው ያልኩት። ሰው ሁሉ ነገሩ በጊዜ ይሻሻላል ሲል የናንተ ወደኋላ ነው የሄደው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ በቢልቦርድ የካንትሪ የአየር ሰንጠረዥ የመጀመሪያዎቹ 20 ውስጥ አንድም ሴት ያልነበረችበት ሳምንት ተመዘገበ፣ ሰንጠረዡ በ1990 ከተጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። በ2020 ጥር ደግሞ የሚሺጋን አንድ ጣቢያ ሁለት ሴት አከታትለን ማጫወት አንችልም ብሎ በአደባባይ ጻፈ። ዘፋኟ ኬሲ መስግሬቭስ ታዲያ አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸውን 18 ወንዶች ማከታተል ትችላላችሁ ብላ መለሰችላቸው። በዚያው ሰሞን ሲኤምቲ የቴሌቪዥን ጣቢያው የቪዲዮ ሰዓቱን ለወንድና ለሴት እኩል አደርጋለሁ አለ። ስለዚህ «አይቻልም» የሚባለው ነገር ይቻላል ማለት ነው፣ ያውም በአንድ ቀን ውሳኔ።

እኔ ከመኪናዬ ሆኜ የማየውን ልጨምር። ሴቶቹ ጨርሶ አይጠፉም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይመጣሉ። ከተማው ሲተኛ፣ ማስታወቂያው ሲሳሳ፣ ያኔ አንዷ ትዘፍናለች፣ ቆይታ ሌላዋ። ቀን ላይ ልጄን ከትምህርት ቤት ልወስድ ስወጣ ያንኑ ጣቢያ እከፍታለሁ፣ የሉም። ለሌሊት ሠራተኛ ጥሩ ነው ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ለኛ ጥሩ ነው። ግን ጠዋት የሚሰማው ሰው ዘፋኟን ሳያውቃት ይውልና እናንተ «አይታወቁም፣ ስለዚህ አናጫውታቸውም» ትላላችሁ። ጆሮ ያልሰማውን እንዴት ይለምዳል?

ወንድ ብቻ ነው የሚወዱት ለተባለው ደግሞ ማስረጃዬን ከኋላ መቀመጫዬ ነው የማመጣው። ናሽቪል ሊያገቡ የተቃረቡ ሴቶች ከጓደኞቻቸው ጋር የሚመጡባት ከተማ ናት፣ ታውቁታላችሁ፣ ሮዝ የካውቦይ ባርኔጣና ነጭ ቡትስ። ብሮድዌይ ላይ የሚገቡባቸው ቡና ቤቶች የጄሰን ኦልዲን፣ የሉክ ብራያን፣ የአለን ጃክሰን፣ የኪድ ሮክ፣ የብሌክ ሼልተን ናቸው። በሴት ዘፋኝ ስም እዛ መንገድ ላይ የመጀመሪያው ቤት የተከፈተው በ2021 ነው፣ የሚራንዳ ላምበርት። (ቱትሲስ የሚባለውን ቡና ቤት በ1960 የገዛችውና ለምስኪን ዘፋኞች በዱቤ የምታበላው ቱትሲ ቤስ እንኳ ሴት ነበረች፣ ግን ስሟን ያስጠራው ቡና ቤቱ እንጂ ዘፈን አይደለም።) ሌሊት ላይ ተመልሰው ቫኔ ውስጥ ሲገቡ ሰባት ሰው ሆነው ምን ይላሉ መሰላችሁ? «እህቴ፣ ሻናያን ክፈቺልን!» ሻናያ ትዌይንን። መስኮቱን ከፍተው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በጩኸት ይዘፍኑታል። አልበሙ 1997 የወጣ ነው፣ ግማሾቹ ያኔ አልተወለዱም። እስከ ዛሬ አንዲትም ሴት «እባክሽ ሴት እንዳትዘፍንብን» ብላኝ አታውቅም። አድማጭ ስታጠኑ እኔን ብትጠይቁ በነፃ እነግራችሁ ነበር።

በ2003 ዲክሲ ቺክስ በሚባለው የሦስት ሴቶች ቡድን ላይ የሆነውንም አልረሳንም። ዘፋኛቸው ናታሊ ሜይንስ ለንደን መድረክ ላይ ስለ ፕሬዚዳንት ቡሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረች፣ የኢራቅ ጦርነት ሊጀመር ሲል። የሰንጠረዡ አንደኛ ላይ የነበረ ዘፈናቸው በቀናት ውስጥ ከአየር ወረደ። ሉዊዚያና ውስጥ ሲዲያቸውን ከምረው በትራክተር አስረገጡት። በ1996 በወጣው ሕግ አንድ ኩባንያ በመላ ሀገሪቱ የሚይዘው ጣቢያ ገደብ ስለተነሳለት፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው እምቢ ሲል በስንት ከተማ ዝም ይባላል። እሱ ነው የሚያስፈራው። ካንትሪ ውስጥ ፖለቲካ የተናገረ ወንድ ጠፍቶ አይደለም፣ በትራክተር የተረገጠለትን ግን አላስታውስም። ሦስቱ ሴቶች በ2007 አምስት የግራሚ ሽልማት ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ ግን ለስንቷ ጀማሪ ዘፋኝ «አፍሽን ካልያዝሽ እንደነሱ ትሆኛለሽ» ተብሏል።

እኛ ጥቁሮች ስለሆንን የሚከተለውን በሁለት ጆሮ ነው የምንሰማው። ሊንዳ ማርቴል በ1969 ኦፕሪ መድረክ ላይ ለብቻዋ የዘፈነች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። የፈረመችው ፕላንቴሽን ከሚባል ኩባንያ ጋር ነበር። ስሙ እንዲህ ነው፣ አልፈጠርኩትም፣ የባሪያ እርሻ። ከሕዝቡ መሀል ስድብ ይወረወርባት ነበር፣ በ1970 አንድ አልበም አውጥታ ከዚያ በሩ ተዘጋ። ወደ ሳውዝ ካሮላይና ተመልሳ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነዳች። ይህን ያነበብኩ ቀን ለሥራ ባልደረቦቼ ላክሁት፣ «የኛ ሰው ናት» አለች አንዷ። ቢዮንሴ በ2024 አልበሟ ላይ ድምፅዋን እስክታስገባት ድረስ ስንት ዓመት ነው? 54።

የቢዮንሴም ነገር ያው ነው። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ኦክላሆማ ውስጥ አንድ አድማጭ ዘፈኗን ሲጠይቅ፣ እኛ የካንትሪ ጣቢያ ነን፣ እሷን አናጫውትም የሚል መልስ ተላከለት። ጫጫታው ሲበዛ አጫወቱት። ዘፈኑ የቢልቦርድ የካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ፣ ለጥቁር ሴት የመጀመሪያው። የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበሩ ግን በዚያ ዓመት ለአንድም ሽልማት አላጫትም። በተቃራኒው ትሬሲ ቻፕማንን ተመልከቱ። በ1988 ስለ መኪና፣ ስለ ድህነት፣ ስለ መሸሽ የጻፈችውን ዘፈን ሉክ ኮምስ በ2023 ሲዘፍነው ቀንም ሌሊትም ተጫወተ፣ የማኅበሩን የዓመቱ ዘፈን ሽልማትም ለጸሐፊዋ አስገኘ። እሱ ጥሩ አድርጎ ዘፍኖታል፣ ልጁም ጨዋ ነው። ግን ያው ቃል፣ ያቺው ሴት የጻፈችው፣ በወንድ ድምፅ ሲመጣ ካንትሪ ሆነ። 35 ዓመት ሙሉ ምን ነበረ?

ወንዶቹን አንሱልን እያልን እንዳይመስላችሁ። እኔ ዶን ዊሊያምስን ካላዳመጥኩ ጠዋት አልነቃም። የምንለው ሌላ ነው።

የምንጠይቃችሁም ይኸው ነው። እሁድ ማታ የነበረው ፕሮግራም ይመለስ። የማይመለስ ከሆነም ያነሳው ሰው ራሱ አየር ላይ ወጥቶ ምክንያቱን ይንገረን፣ «ሴቶች ናቸው ያሉት» ግን እንዳይል። ሁለት ሴት አታከታትሉ የሚል ደንብ ተጽፎም ይሁን በአፍ የሚሠራበት ጣቢያ ካለ ያንሳው፣ የለንም የሚልም የለንም ይበለን። በየወሩ ስንት የሴት ዘፈን እንዳጫወታችሁ ንገሩን፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነም ጨምራችሁ፣ ምክንያቱም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የተጫወተና ጠዋት ሰው ሥራ ሲሄድ የተጫወተ እኩል አይቆጠርም። (9 ሰዓት ያልኩት በኛ ነው፣ ልጄ በእንግሊዝኛው ላይ 3 ብላዋለች።) ዘፈን ስታስተዋውቁ የጻፈውን ሰው ስም ጥሩ፣ ወንድ ዘፍኖት ሴት የጻፈችው ሲሆን በተለይ። አድማጭ ስታጠኑ ደግሞ የሌሊት ፈረቃ ሴቶችንም ደውሉልን። እንግሊዝኛችን ቢሰባበርም ስለ ዘፈን ለማውራት ይበቃናል።

እስከዚያው እሁድ እሁድ ማታ ኤርፖርት ታክሲ ተራ ላይ ነኝ። ሬዲዮው በናንተው ጣቢያ ላይ እንደተከፈተ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

የሌሊት ፈረቃ የኤርፖርት ታክሲ ሾፌር፣
የዘጠኝ ሴት ሾፌሮች፣ የሆቴል ሠራተኞችና የአረጋውያን ተንከባካቢዎች ተወካይ (የዕቁቡም ጸሐፊ)
ናሽቪል፣ ቴኔሲ